ለሐያት ሽምግልና የሄድኩበት ቀን

ከደሴ የወጣነው ጎህ ሳይቀድ ነው። የጦሳ ተራራ ጉሙን ተከናንቦ ተኝቷል፣ እኔ ሐያትን በጋቢ ጠቅልዬ መናኸሪያ ቆሜያለሁ። ሐያት የልጄ የዘይነባ ልጅ ናት፣ ስድስት ዓመቷ ነው፣ አትናገርም። ጭንቅ ሲላት ጆሮዋን ይዛ ትጮኻለች፣ መናኸሪያ ደግሞ ጤነኛውንም ያስጮኻል። ረዳቱ "አባባ፣ ልጅቱን ዝም ያሰኙልኝ፣ ተሳፋሪ እየሸሸብኝ ነው" አለኝ። ዝም ማሰኘት ብችልማ መቼ ካገሬ እወጣ ነበር። አውቶቡሱ ውስጥ ከኋላችን ያለች ሴት "ጠበል አስጠምቀዋታል?" ብላ ጀመረችኝ፣ ጎኗ ያለው ሰውዬ "ጠበል አይደለም፣ ቁርኣን ነው የሚቀራባት" አላት፣ ኮምቦልቻ እስክንደርስ በሐያት ተከራከሩ። ሁለቱንም አድርገንላት ነበር። የወሎ ሰው ነን፣ ያልሄድንበት ደጅ የለም።

ይህን የምጽፈው ለናንተ ለሰፈሬ ሰዎች ነው፣ ደግሞም እንደኔ ልጅ ይዞ ወደዚህ ለሚመጣ። ዘይነባ ጋ እንዳይደርስ ግን አደራ።

"ሰይድ በስተርጅናው አዲስ አበባ አማረው" ስትሉ እንደነበር ሰምቻለሁ። እውነቱ ይኸ ነው። አንድ ቀን ከልብስ ስፌት ቤቴ ለምሳ ስገባ ሐያት ከአልጋው እግር ጋር በገመድ ታስራ አገኘኋት። ያሰረቻት እህቴ ናት። ሐያት በር ተከፍቶ ካገኘች ወደ መኪና መንገድ ትሮጣለች፣ እህቴ ጉልበቷን ያማታል፣ ሮጣ አትደርስባትም፣ ጎረቤት እሰሪያት ብሎ መከራት፣ አሰረቻት። የልጅቷ ቁርጭምጭሚት ተልጦ ነበር። እህቴን አፌ ያመጣልኝን ሁሉ ተናገርኳት፣ የሰው ልጅ እንደ በግ ይታሰራል ወይ አልኳት። እስካሁን አንነጋገርም።

ያን ዕለት ቤሩት ለዘይነባ ደወልኩ። እሷ እዚያ የሰው ልጅ ታሳድጋለች። ስታለቅስ ቆየችና "አባ፣ አዲስ አበባ እንደሷ ያሉትን የሚያስተምር ቦታ አለ ይላሉ፣ ይውሰዱልኝ" አለችኝ። "ቦታ ካገኘች እዚሁ ቆይቼ እከፍልላታለሁ። ካላገኘች ኮንትራቴ ሲያልቅ እመጣና ራሴ እይዛታለሁ።" ኮንትራቷ ሊያልቅ ጥቂት ወራት ነበር የቀረው።

ሳሊተ ምሕረት አካባቢ ከአንድ ግቢ ጀርባ አንዲት ሰርቪስ ክፍል ተገኘችልኝ። አከራይዋ ወይዘሮ ጽጌ በሩን ሳትለቅ መረመረችኝ።

"ስንት ናችሁ?"

"እኔና የልጅ ልጄ።"

"ልጅ እንኳ አልፈልግም ነበር። ትጮኻለች?"

"ኧረ ድምጿም አይሰማ።"

"ውሃ ታበዛላችሁ?"

"አናበዛም።"

"እንግዳ ይመጣባችኋል?"

"እዚህ አገር ማን ያውቀናል ብለው ነው።"

"እንግዲያውስ ጥሩ ተከራይ ነዎት" አለችኝ። ሴትዮዋ ተከራይ ሳይሆን ሬሳ ነበር የምትፈልገው፣ ያውም የማይታጠብ።

አገሩን ልንገራችሁ። እዚህ ሰው "እንዴት አደሩ" ሲልህ እግሩ አይቆምም፣ አንተ አልሐምዱሊላህ ብለህ ሳትጨርስ ታክሲ ውስጥ ገብቷል። ጉም የለም፣ አቧራ ነው። ሐያት የምትበላው ደረቅ ዳቦና ሙዝ ብቻ መሆኑን ታውቃላችሁ፣ ዳቦውም የደሴው ካልሆነ ትተፋዋለች። የዚህ ዳቦ አፍ ውስጥ ጥጥ ነው የሚሆነው፣ ስለዚህ ሁለት ሳምንት በሙዝ ኖረች።

ዘይነባ ያለችው ቦታ ኦሎምፒያ አካባቢ ነው፣ ስሙን አልጠራም። ለመመዝገብ የነዋሪነት መታወቂያ ጠየቁኝ። ወረዳ ሄድኩ፣ መሸኛ አምጣ ተባልኩ፣ መሸኛውን ከደሴ አስመጣሁ። ሠራተኛው አገላብጦ አየውና "የልጅቷ እናት መጥታ ትፈርም" አለኝ።

"ቤሩት ናት።"

"እንግዲያው ስትመጣ ይምጡ።"

"ልጄ፣ እናቷ ብትኖርማ እኔ ምን ላደርግ እመጣ ነበር?"

"እሱን በማመልከቻ ይግለጹት። መስኮት ሦስት።" መስኮት ሦስት ምሳ ወጥቶ ነበር፣ እስከ ማግስቱም አልተመለሰም። እንደምንም መታወቂያው ወጣ፣ ሐያትን አምጣ ተብዬ ቀጠሮ ተያዘልኝ።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። ሽምግልና ሲታሰብ መጀመሪያ የሚጠራው ሰይድ እንደነበር አትክዱኝም። ስንት ጎጆ በኔ አፍ ቆሟል። ልጁ ጫት ያበዛል ወይ ሲሉኝ ከጁምዓ አይቀርም እላለሁ፣ ሥራ አለው ወይ ሲሉኝ የነማን ዘር እንደሆነ እቆጥራለሁ። ጉድለት በሽማግሌ አፍ አይነገርም፣ ከነገርክማ ማን ልጁን ይሰጥሃል። ሐያትን ተቀበሉልኝ ልል ስሄድም በዚሁ አፌ ሄድኩ።

ኮቴን ለበስኩ። አጠብኳት፣ ጸጉሯን ጎረቤት አሠራሁላት፣ ሙዟን አበላኋት። የስፌት ሜትሬን ሰጠኋት። ሜትር ከያዘች ጣቷ ላይ ስትጠቀልል ስትፈታ ሰዓት ሙሉ ትቀመጣለች። ከግድግዳ እያጋጨች ያበጠችውን ግንባሯን ሻሿን ዝቅ አድርጌ ሸፈንኩት።

የተቀበለችን ወጣት ሴት ናት፣ ፊቷ ደግ። ፎርም አወጣች።

"ትናገራለች አባት?"

"ዓይን አፋር ናት እንጂ ነገር ይገባታል።"

"ሽንት ቤት ራሷ ትሄዳለች?"

"ንጹሕ ልጅ ናት።"

"ትሮጣለች? ራሷን ትመታለች?"

"ወላሂ፣ እንዲህ ያለች ጨዋ አይቼ አላውቅም።" በአላህ ስም ማልኩ። ሐያትም ጉድ ሠራችኝ፣ ሜትሯን እየጠቀለለች እንደ ሙሽራ ተቀመጠች። ከዚያ ስወጣ ከደሴ ከወጣሁ ወዲህ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም፣ የታጨችልኝ መስሎኝ ነበር።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ጠሩን። ያቺው ሴት ፈገግ አለች። "ደስ ይበልዎት አባት፣ የርስዎ ልጅ ማይልድ ናት።"

"ምን ማለት ነው?"

"ቀላል ማለት ነው። ያሉን አስተማሪዎች በጣም ጥቂት ናቸው፣ ቦታውን የምንሰጠው ለባሰባቸው ልጆች ነው። እሷን ዌቲንግ ሊስት፣ ተጠባባቂ ዝርዝር ላይ እናደርጋታለን፣ እስከዚያው ሰፈር ያለ ትምህርት ቤት ይሞክሩላት።"

ሻሿን ገለጥኩ። "ልጄ፣ ዋሽቼሻለሁ። አትናገርም። ትሮጣለች። ልብሷ ላይ ነው የምትሸናው። ግንባሯን እይው፣ ራሷ ናት እንዲህ ያደረገችው።"

አየችው። ዓይኗ እንባ ሞላ፣ ግን ፎርሙን አልነካችም። "አባት፣ ቦታ የለም ሲባል ሁሉም እንዲህ ይላል። ያን ዕለት ለምን አልነገሩኝም?"

"እንድትቀበሏት ብዬ።"

"የመጨረሻዋን ቦታ ትናንት ለሌላ ልጅ ሰጠን።"

"ለማን?"

"አያቷ አልቅሳ ሁሉንም ለነገረችኝ ልጅ።" እንደገና የሚያዩዋት ከዓመት በኋላ ነው፣ ያውም ቦታ ከተለቀቀ። ቤት ውስጥ የሚደረግላትን የሚናገር ወረቀት ሰጠችኝ፣ በእንግሊዝኛ ነው። አጥፌ ኮቴ ኪስ ከተትኩት፣ እስካሁን እዚያው አለ።

አፌን ቆርጬ ብጥለው ደስ ባለኝ። ስንመለስ መገናኛ ወረድን፣ የታክሲ ጥሪውና ጡሩምባው ሐያትን አሳበዳት፣ እጄን መንጭቃ አስፋልት ውስጥ ገባች። አንድ ሚኒባስ ጫፏ ላይ ደርሶ ቆመ። ሹፌሩ አንገቱን አውጥቶ "አባባ፣ መያዝ ካልቻሉ በዚህ ዕድሜዎ ለምን ይወልዳሉ?" አለኝ፣ ሰው ሳቀ። እኔ ከሥሯ ተንበርክኬ እግሯን ይዤ ነበር፣ ጉልበቴ ተፍቆ ደም ይወጣል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የሟች ሚስቴን መቀነት አንዱን ጫፍ በሐያት ወገብ፣ አንዱን በግራ እጄ አንጓ አስሬ ነው የምውለው። ቤቴ ሆኜ እንደ ነገሩ እየጠገንኩ እሰፋለሁ፣ እሷ መቀነቱ እስከፈቀደላት ትሄዳለች። ገመድ አይደለም፣ መቀነት ነው፣ ለስላሳ ነው። እህቴ ይህን ስታነብ ምን እንደምትል አውቃለሁ። ትበል።

ወይዘሮ ጽጌ መጣች። "ድምጿ አይሰማም ብለውኝ አልነበረም?"

"ብዬዎት ነበር።"

"ሰፈሩ ሁሉ ሰማት እኮ። እስከ ወሩ መጨረሻ ሌላ ቤት ይፈልጉ።" መቀነቱን አየችው፣ አንዴ ሐያትን አንዴ እኔን አየች።

ያለፈው ዓርብ ከጁምዓ መልስ ዘይነባ ደወለች። ማዳሟ ቪዲዮ ስለማትወድ በድምፅ ብቻ ነው የምንገናኘው። ሳምንቱን ሙሉ እውነቱን እነግራታለሁ ብዬ ስዘጋጅ ነበር። እውነቱን ብነግራት ትመጣለች። ልጇን ታቅፋለች፣ እኔም ይህን መቀነት ከእጄ እፈታለሁ።

"አባ፣ ምን አሉ? ተቀበሏት?"

ትንፋሿ ይሰማኛል። ድሮ የዒድ ልብሷን ልሰፋላት ሜትሬን ሳነሳ እንዲህ ነበር የምትተነፍሰው።

"ተቀበሏት" አልኩ።

አለቀሰች። "አልሐምዱሊላህ። እውነቴን ነው አባ፣ እንቢ ይሏታል ብዬ ፈርቼ ነበር። ማዳሜ ወረቀቱን ይዛ እየጠበቀችኝ ነው። ሁለት ዓመት ልጨምር ነው፣ አሁኑኑ እፈርማለሁ።"

"ዘይነባ" አልኳት።

"አቤት አባ።"

ያኔ መናገር እችል ነበር። ጊዜው ነበረኝ፣ እየጠበቀችኝም ነበር።

"በርቺ" አልኳት።

"ስልኩን ከጆሮዋ ያድርጉልኝ፣ እንኳን ደስ ያለሽ ልበላት።"

ስልኩን ወደ ሐያት አስጠጋሁ። "ሐያቴ" የሚለው የእናቷ ድምፅ ሲወጣ ልጅቷ ጆሮዋን በሁለት እጇ ይዛ ወደ በሩ ሸሸች። መቀነቱ ተወጠረ፣ አንጓዬን ይዞ ሳበኝ።

"ምን አለች አባ? ሰማችኝ?"

"ሳቀች" አልኳት።