የምስጉኗ ሠራተኛ ጽዋ

ያርጋል ሰው መስደብ የማይሆንለት ፍጡር ነበር። በቅሎው ስትረግጠው እንኳ «ምነው እመቤት?» ነው የሚላት። አለቃ ሲባል አለንጋ የያዘ የሚመስላቸው የዳባት ዘመዶቹ ይስቁበት ነበር። እኔም ስቄበታለሁ፤ አሁን ግን አልስቅም።

ዘመኑ ደርግ ነው፤ ከድርቁ በኋላ ተራራው ሁሉ ዛፍ ይልበስ የተባለበት። ከደባርቅ ወደ ቡይት ራስ በሚወጣው መንገድ ዳር የችግኝ ጣቢያ ተከፍቶ ያርጋል ኃላፊ ሆነ። ሠራተኞቹ የደባርቅ ሴቶች ናቸው፤ ደመወዛቸው ስንዴና ዘይት። አፈሩን ከፍግ ጋር ነፍተው ትንንሽ ላስቲክ ይሞሉና መደብ ላይ ይደረድራሉ። ከሁሉም እጀ ፈጣኗ ፋንታዬ ነበረች። ልጅ አልወለደችም፤ የሴቶቹ የማርያም ማኅበር ውስጥ የገባችውም እመቤታችንን ለመለመን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል።

አንድ ክረምት ያርጋል ለአመራር ሥልጠና ጎንደር ተጠራ። ሲመለስ «ሠራተኛህን ሰው ፊት አመስግን፤ ለብቻው ገሥጽ» የምትል ትምህርት እንደ ጠበል ይዞ መጣ። የአውራጃ እንግዶች ጣቢያውን ሊጎበኙ የመጡ ዕለትም ፋንታዬን ከመደቡ መካከል አስነሥቶ «ምስጉን ሠራተኛችን ይህች ናት!» አለ። ተጨበጨበ። እሷ ነጠላዋን አፏ ላይ ጎትታ መሬት መሬት አየች።

ከእንግዶቹ አንዱ ግን «እሷ ይህን ከሞላች፣ ሌሎቹን ምን ያዛቸው?» ብሎ ጠየቀ። ብዙም ሳይቆይ የሁሉም የቀን ሥራ በፋንታዬ ልክ እንዲሆን፣ ያልሞላችም ስንዴዋ እንዲቀነስ ትእዛዝ መጣ። ያርጋል አይሆንም ማለት ይችል ነበር። አላለም፤ ድምፁ እየሰለለ አነበበላቸው።

ሴቶቹ ፋንታዬን አልተናገሯትም። ቢናገሯት ይሻል ነበር።

የዚያ ወር የማኅበር ተረኛ እሷ ነበረች። በማኅበሩ ወግ፣ ድግሱ ሲያበቃ ጽዋውን የሚቀጥለው ወር ተረኛ ተቀብላ ወደ ቤቷ ትወስዳለች። ፋንታዬ ጠላ ጠመቀች፣ ድፎ ደፋች፣ ቤቱን ጉዝጓዝ አለበሰችው። መምሬ ኪዳነ ማርያም መጥተው ጸሎት አደረሱ፤ ከእሳቸው በቀር የመጣ የለም። ጽዋውን የሚቀበላት ጠፍቶ እቤቷ ቀረ።

በማግሥቱ ሴቶቹ ወደየቤታቸው ሲሄዱ ፋንታዬ ወደ ኋላ ቀረች። የሆነውን ለያርጋል ነገረችው።

«እንግዲህ አንቱ ነዎት ያመጡብኝ» አለችው። «አንቱው ያውጡኝ።»

«ምን ላድርግ ፋንታዬ? ለበላይ እጽፋለሁ፤ ትእዛዙ እንዲነሣ...»

«የበላይዎን ይተዉት። ሰው ፊት ይስደቡኝ።»

«ምን?»

«ሰነፍ ይበሉኝ፣ አስመሳይ ይበሉኝ፣ ያሻዎትን። የአንቱ ሰው አለመሆኔን ሴቶቹ ይዩልኝ። ጽዋው እኔ ዘንድ ታስሮ ማርያምን ምን ብዬ ልለምናት?»

ያርጋል ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደውም። በደለኛው እሱ ሆኖ ተሰዳቢዋ እሷ መሆኗ ከነከነው። ቢሆንም ሌላ መላ አልታየውም።

ጠዋት ሴቶቹ አፈሩን ከበው ሲቀመጡ ፋንታዬ ፊት ቆመ። «አንቺ ሰነፍ! ይኸ ላስቲክ ተሞላ ይባላል?» አለ። ድምፁ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የሚያስል ሰው ድምፅ ነው። «አስመሳይ!» ብሎ ጨመረ። ከሁሉም ታላቅ የሆነችው ሸጊቱ ከንፈሯን አጣማ «የራሱን ምስጉን ሲሰድብ እዩት!» አለችና ሴቶቹ ሳቁ። ያርጋል ጨነቀው። ነገሩ መክሸፉ ነው፤ የፋንታዬ ዓይን ደግሞ ይለምነዋል።

«ለነገሩ» አለ ጮኾ፣ «የሚጠብቅሽ ልጅ የለ፣ ምን ያስቸኩልሻል!»

ሳቁ ቆመ። ፋንታዬ ቀና አላለችም፤ እጇ አፈሩ ውስጥ ደርቆ ቀረ።

ሸጊቱ አካፋዋን ወረወረች። «ጓድ ያርጋል! አፍዎን ይሰብስቡ! ሰው የላትም ብለው ነው? እኛ እኅቶቿ አለንላት!» አለችና ፋንታዬን ደግፋ አስነሣቻት። ሁሉም ሥራቸውን ጥለው ተከተሏቸው። የዚያኑ እሑድ ፋንታዬ ቤት ተሰብስበው የኮመጠጠውን ጠላ እያመሰገኑ ጠጡ፤ ጽዋውንም ሸጊቱ ተቀበለች።

ያርጋል ለበላይ ጻፈ፤ ትእዛዙም ቆይቶ ተነሣ። ሴቶቹ ግን ከዚያ ወዲያ ሰላምታውን እንኳ በግድ ነው የሚመልሱለት። እሱም አልከፋውም፤ ይገባኛል ብሎ ነው። የከበደው ሌላ ነበር። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም።

አንድ ቀን ፋንታዬን ለብቻዋ መደብ ስታጠጣ አገኛት።

«ይቅር በይኝ» አላት።

«ይስደቡኝ ያልኩ እኔው» አለች ውሃውን ሳታቋርጥ። «ጽዋዬንም አስወጥተውልኛል፤ እግዜር ይስጥልኝ።»

ያርጋል እፎይ ሊል ሲል ቀና ብላ አየችው።

«ያችን የልጅ ነገር ግን እኔ አላዘዝኩዎትም። ከየት አመጧት?»

መልሱን ሳትጠብቅ ወደሚቀጥለው መደብ አለፈች።