በረዶው ሳይደርስ

በዚያ ቀን ታሪክ ውስጥ ያለነው እነዚህ ነን፦ ልቡን ታሞ ሆስፒታል የተኛው ገበሬ፣ ሚስቱ፣ ሦስት ጎረቤቶቹ፣ እንዲሁም ጤፉን ገዝተን ለመጫን ከምንኖርበት ከኦክላንድ በትራክ የሄድነው እኔና ልጄ።

የሄድንባት ከተማ ሰፊ ሜዳ ላይ ያለች ትንሽ የገበሬ ከተማ ናት። ከቀትር በኋላ ሰማዩ ጠቆረ፤ ሬዲዮውም ከባድ በረዶ እየመጣ ነው አለ። የበሽተኛው ጤፍ ገና አልታጨደም፤ የጎረቤቶቹም ስንዴ አልታጨደም።

ሚስትየው "ሂዱ፣ የራሳችሁን እጨዱ" ብትላቸው፣ በዕድሜ ትልቁ ጎረቤት "ባልሽ ድኖ ሲመጣ ስድቡን ማን ይችላል?" ብሎ ኮምባይነሩን ወደ ጤፉ አዞረ። ሁለቱም ተከተሉት። እዚያ ከአያቶቻቸው ጀምሮ የታመመ ሰው ማሳ ይቀድማል።

ልጄ "ዳድ፣ የእነሱስ ስንዴ?" አለችኝ።

"ዝም ብለሽ የትራኩን ሸራ ያዢ" አልኳት። ለልጆቼ ስለ ጎረቤት ሁልጊዜ እሰብካለሁ፤ ኦክላንድ ውስጥ ግን ግድግዳ የምንጋራውን ሰው የማውቀው በሳሉ ብቻ ነው።

የመጨረሻውን ጤፍ ጭነን ሸራውን ስናስር በረዶው ወረደ። ጤፉ ተረፈ። የጎረቤቶቹ ስንዴ ግን መሬት ላይ ተነጠፈ። የአንድ ሰው ጤፍ ያስከፈለው፣ ሲደመር፣ የሦስት ቤት የዓመት ገቢ ነው።