ሊሾው የጠጣው ቀለም

ቀለም ቀቢዎቹ «ጋሽ ዘይት» ይሏቸዋል፤ እሳቸውም ስሙን ወደውታል። አርባ ዓመት ሙሉ በርና መስኮት በዘይት ቀለም ሲቀቡ ኖረዋል። የዛሬውን፣ በውሃ የሚቀጥነውን የፕላስቲክ ቀለም አንድም ቀን ከቁም ነገር ቆጥረውት አያውቁም። «ይኼም ቀለም ሆኖ! ሽታ እንኳን የለው» ይላሉ። ዘመኑ ግን የፕላስቲኩ ነው። ጋሽ ዘይት እስከ ዛሬ ሥራ ያላጡት የልጃቸው ባል የቀቢዎቹ አለቃ ስለሆነ ብቻ ነው። ይህን ሁሉም ያውቃል፤ አፍ አውጥቶ የሚናገረው የለም እንጂ።

ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ የሚኖሩት ልጃቸው ቤት ነው። ጠዋት ጠዋት ከአማቻቸው ጋር ወደ ሥራ ሲወጡ የሰው እጅ ጠባቂነታቸውን ይረሱታል። ከሁለት ወር በፊት ግን ቀኝ እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሁለት ጊዜ መስታወት አበላሹ፤ አማችየው አይቶ እንዳላየ አለፈ። በሦስተኛው አንገቱን ደፍቶ፣ «አባባ፣ አሠሪው በዓይነ ቁራኛ እያየዎት ነው። ከእንግዲህ አንዲት ነገር ብትፈጠር እኔም ላስጥልዎት አልችልም» አላቸው።

ያቺ አንዲት ነገር ሐሙስ ዕለት መጣች። ሲቀቡት የከረሙት አዳራሽ አልቋል፤ የሲሚንቶ ወለሉ ሊሾ ተደርጎ፣ መልክ እስኪያሳይ ተወልውሏል። ርክክቡ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ጋሽ ዘይት አንድ የግድግዳ ጥግ ሊያስተካክሉ ብቻቸውን ቀርተው ነበር። ባልዲውን ከመሰላሉ ሲያወርዱ እጃቸው ከዳቸው። ነጩ ቀለም ወለሉ ላይ ተዘረገፈ።

የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም ይባላል። የፕላስቲክ ቀለም ግን ወዲያው ከደረሱለት ይታፈሳል፦ በጨርቅ ሰብስቦ፣ ውሃ ደፍቶ፣ በብሩሽ ፈተግ ፈተግ ማድረግ ነው፣ አለቀ። ትናንት የገባ ጀማሪ ያውቀዋል። ውሃ የሞላበት በርሜልም እዚያው በሩ ሥር ቆሟል። ምን ያደርጋል፣ የደነገጠ ሰው የሚታዘዘው ለልማዱ ነው። እጃቸው በገዛ ራሱ ሄዶ የዘይት ቀለም ማቅጠኛውን፣ የቲነሩን ጣሳ አነሳና ደፋው።

ቲነሩ ቀለሙን አቅልጦ ወደ ሲሚንቶው ይዞት ሰረገ። በጨርቅ ባበሱት ቁጥር ነጩ ሰፋ። ምን እንዳደረጉ የገባቸው ያን ጊዜ ነው። «እኔን ብሎ ቀለም ቀቢ!» ብለው ወደ በርሜሉ ሮጡ። ከዘበኛው ፍል ውሃ ለምነው አመጡ፣ ደፉ፣ በስፓቱላ ፋቁ፣ በሽቦ ብሩሽ ፈተጉ። የላይኛው ቅርፊት እየተላጠ ተነሳ፤ ሊሾው የጠጣው ግን ወይ ፍንክች። ይባስ ብሎ ሽቦው ወለሉን ጫጫረው። ጉልበታቸው እስኪላጥ ተንበርክከው ላብ በላብ ሆኑ። አፈሩ፤ ተናደዱ፤ በዚያ ዕድሜያቸው እንደ ሕፃን ማልቀስ አማራቸው።

አማችየው ሲገባ የቲነሩ ሽታ ሁሉን ነገረው። አልተቆጣም። ቢቆጣ በስንት ጣዕሙ!

«አባባ፣ ይበቃል። ይነሱ።»

«ትንሽ ቆይ ልጄ፣ እየለቀቀ እኮ ነው! ይኸው፣ እየው!»

«አይለቅም አባባ። ሴራሚክ እናለብሰዋለን» አለና ስፓቱላውን ከእጃቸው ቀስ ብሎ ወሰደው። ወደ ቤት ሲሄዱ መንገዱን ሙሉ ስለ ዝናቡ ብቻ አወሩ።

ልጃቸው በር ላይ ጠበቀቻቸው። ባሏ ቀድሞ ደውሎላት ኖሯል፣ ፊቷ በደስታ በርቷል።

«እሰይ አባዬ! ራስህ ነህ አሉ ‹በቃኝ፣ ልረፍ› ያልከው? ስንት ዓመት ስለምንህ!»

አማችየው ጫማውን የሚፈታ መስሎ አቀርቅሯል። ጋሽ ዘይት አዩት። ለክብራቸው ሲል ዋሽቶላቸዋል፤ እንዴት አድርገው ይካዱት? ደግሞስ እውነቱን ቢናገሩ ነገ ማን ይቀጥራቸዋል?

«አዎ ልጄ» አሉ። «እኔው ነኝ ያልኩት። ነገ እስኪበቃኝ እተኛለሁ።»