የክት ጃኬት

አባቴ ወተት ሻጭ ነበር። ለቡ መብራት ኃይል አካባቢ የነበረው የአያቶቹ እርሻ ፎቅ ሲበቅልበት ለእሱ ሁለት ላሞችና አንድ ጠባብ ግቢ ቀሩት። ክረምት ከበጋ፣ ጎህ ሲቀድ አልቦ ወተቱን በጄሪካን ይዞ ቤት ለቤት ያዳርሳል።

አንድ ዓመት ሳሉ አልለቅ አለው። ሐኪሙ «አባባ፣ ደረትዎን ከብርድና ከዝናብ ካልጠበቁት መጥፎ ይሆንብዎታል» አሉት። ጃኬት የመግዛቱን ነገር ለእኔ ተዉት አልኩ።

መካኒሳ አቦ፣ መንገድ ዳር የቦንዳ ልብስ የሚሸጥ ሰውዬ ከክምሩ ውስጥ አንድ አረንጓዴ ጃኬት መዘዘልኝ። ወፍራም ነው፣ ኮፍያ አለው፣ ክርኑ ላይ ቀለሙ ትንሽ ለቋል። «እህቴ፣ እዪውማ» ብሎ ከያዘው ሃይላንድ ውኃ ደፋበት። ውኃው ተንከባሎ ወረደ። ውስጡን በእጄ ዳሰስኩት፤ ደረቅ ነው። ቦርሳዬን ከፍቼ ልገዛው ስል የሰፈራችን ሰው ትዝ አለኝ። ቢሮ የምትሠራ ልጅ እያለችው ሰልባጅ አለበሰችው ሲሉ በጆሮዬ የሰማሁ መሰለኝ። ጃኬቱን መለስኩለት።

ከአንድ ቡቲክ አዲስ ገዛሁ። የግመል ቀለም፣ አንገቱ ላይ ለስላሳ ፀጉር ያለው። ሻጩ «ዝናብ የሚባል አያስገባም» አለኝ፤ በውኃ ሞክርልኝ አላልኩትም።

አባቴ በሁለት እጁ ተቀበለኝ፣ አገላብጦ አየው፣ «አንቺንም ልጅ ያልብስሽ» ብሎ መረቀኝ። ከዚያ አጣጥፎ ሣጥኑ ውስጥ ከተተው።

«አባዬ፣ ለጠዋት ጠዋት እኮ ነው የገዛሁልህ!»

«ይሄን? ይሄማ የክት ነው። ላም ላልብበት ነው እንዴ?»

ለንግሥ ለበሰው፣ ለአክስቴ ልጅ ሠርግ ለበሰው። ሰው ሁሉ ሲያደንቅለት እኔም ኩራት ኩራት አለኝ፤ አልዋሽም። ጠዋት ግን ያቺኑ ያለቀች ኮቱን ደርቦ፣ ዝናቡ ሲበረታ ማዳበሪያ በራሱ ላይ ጣል አድርጎ ይወጣል። ጮህኩበት፣ አኮረፍኩ። እሱ ይስቃል። ወደ ቦንዳው ሰውዬ ተመልሼ ያንን አረንጓዴ ጃኬት ማምጣት እችል ነበር፤ ግማሽ ቀን እንኳን አይፈጅብኝም። አልሄድኩም። እኔ የመረጥኩትን ካልለበሰ ሞቼ እገኛለሁ አልኩ። ግትርነት ነው፣ ሌላ ስም የለውም።

በዚያው ክረምት፣ ፍልሰታ ሊፈታ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ የሳንባ ምች ጣለው። ሆስፒታል ሳምንት ያህል ተኝቶ አረፈ።

ለቅሶ ሊደርሱ ከመጡት መካከል ከእሱ ወተት ይወስዱ የነበሩ አንዲት እናት ድንኳኑ ውስጥ አጠገቤ ተቀመጡ። ወተት ላይ ውኃ ቀላቅሎ እንደማያውቅ፣ ሰዓቱን እንደማያሳልፍ ነገሩኝ። ከዚያ እንባቸውን በነጠላቸው ጠረግ አድርገው እንዲህ አሉ፦

«አንድ ቀን በስብሶ መጣ፣ ጥርሱ እየተንገጫገጨ። የባለቤቴ ካፖርት ዝም ብሎ ተሰቅሏል፣ ውሰደው ብዬ ለመንኩት። እምቢ አለ።»

«ለምን?»

«‹ልጄ ገዝታልኛለች፤ የሰው ልብስ ለብሼ ካየችኝ ትቀየማለች› አለኝ።»

እውነቱን ነው። እቀየም ነበር።