የአለበል የፈቃድ ጾም

አለበል እባላለሁ። ሃያ ዓመት ሙሉ የፋብሪካ ሽመና መኪና ስጠግን ኖሬአለሁ። እዚህ በሐይቅ ዳሯ ከተማችን፣ ሹም አቦ ሰፈር፣ ጎረቤቱ ሁሉ «የአለበል ጾምማ!» እያለ ያደንቀኛል። አፈር ይብላኝ! እውነቱን ልናገርና ይውጣልኝ።

የዛሬ ሦስት ዓመት ከሚስቴ ከማኅሌት ጋር ተኝቼ ሰውነቴ እምቢ አለኝ። በሳምንቱም እምቢ አለ። «ደክሞህ ነው» አለችኝ፤ እኔ ግን በኀፍረት ሞትሁ። ወዲያው ጾመ ጽጌ ገባ። የፈቃድ ጾም ነው፣ ያልፈለገ አይጾመውም፤ እኔ ግን ዘልዬ ገባሁበት። በጾም ባልና ሚስት አብረው አይተኙም፣ ታዲያ ማን ይጠይቀኛል? ጽጌ አልቆ ነቢያት ገባ፣ ከዚያ ደግሞ ስእለት አለብኝ አልሁ። ጾም ባጣሁ ጊዜ ጾም ፈጠርሁ። አንድ ቀን ክንዴን ብትነካኝ «አንቺ ሴትዮ፣ እግዚአብሔርን አትፈሪም?» ብዬ ጮኽሁባት። እኔ ነኝ እንግዲህ እንዲህ ባይ!

ባለፈው ወር «ወይ እንማከር፣ ወይ እንለያይ» አለችኝ። ሐይቁ ዳር ፎቅ ላይ ካለ አንድ ክሊኒክ ሄድን። አማካሪዋ ዜማ የምትባል፣ በዕድሜ ልጃችን የምትሆን ሴት ናት።

«ሁለት መንገድ አለ» አለችን። «አለመግባባት ከሆነ የትዳር ምክር ነው፣ እዚሁ እኔ ጋ ትነጋገራላችሁ። የመኝታ ጉዳይ ከሆነ ግን የራሱ ባለሙያ አለው፣ ሰውነትም ይመረመራል። የትኛው ይሁን?»

«የትዳር ምክር!» አልሁ ሳልተነፍስ። ጥፋቱን ለሁለት ካካፈሉልን የእኔ አይታይማ።

ዜማ እዚያው እኔ ፊት ማኅሌትን አስቀድማ አናገረቻት።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለች ማኅሌት። «እሱ ጾመኛ ነው፣ እኔን ግን ሥጋዬ አሸነፈኝ። በጾም ባሌን ስለ ተመኘሁ ለንስሐ አባታችን ለአባ መርስዔ ኀዘን ተናግሬ ስግደት ተቀበልሁ። ከዚያም በራሴ ጨመርሁበት። እሱ ሥራ ሲሄድ በየቀኑ እሰግዳለሁ። ይኸው ሦስት ዓመቴ።»

ወይኔ አለበል! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ።

«ማኅሌትዬ፣ ተይ» አልኋት። «ጾም አልነበረም። አልሆን ብሎኝ ነው። እንዳትንቂኝ ፈርቼ እግዚአብሔርን መደበቂያ አደረግሁት። አንቺ ምንም አላጠፋሽም።» እንባዬ ቀደመኝ። ወደ ዜማ ዞሬ «እኅቴ፣ ያንኛው ባለሙያ ጋ ቀጠሮ ያዢልኝ» አልሁ።

«ሁለታችሁም ትመጣላችሁ?» አለች ዜማ።

ማኅሌት ነጠላዋን ሰብስባ ተነሣች። «እመጣለሁ» አለች። «ዛሬ ግን እንዳያናግረኝ።»

ደረጃውን ግድግዳ ይዛ አንድ አንድ እያለች ወረደች። ጉልበቴን አመመኝ ካለች ከራርማለች። «የሐይቁ ብርድ ነው» ብዬ ቅባት የገዛሁላት፣ እጄ እንዳይነካት ፈርቼም ራስሽ ተቀቢው ያልኋት እኔ ነኝ።