በረመዳን የሰፋው ሱሪ

የመጀመሪያ የሥራ ቀኔ ላይ አንድ ሱሪ ተሰጠኝ። ወፍራም ነው፤ ከጎኑ የአየር ቱቦ ተንጠልጥሎበታል። አለቃችን ሻለቃ ታፈሰ «ልበሰውና ቁም» አሉኝና ቱቦውን ከአየር መሙያው ጋር አገናኙት። ሆዴም ጭኔም ባቴም ባንዴ ተጨመቀ። ጮህኩ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ።

«አውሮፕላን በኃይል ሲታጠፍ የአብራሪው ደም ወደ እግሩ ይወርዳል» አሉኝ። «መጀመሪያ ዓይኑ ይጨልማል፣ ቀጥሎ ራሱን ይስታል። ይህ ሱሪ እግሩንና ሆዱን ጨምቆ ደሙ እንዳይወርድ ይይዛል። ከላላ ግን ጌጥ ነው።»

እኔ የመጣሁት ለመልበስ እንጂ ለማልበስ አልነበረም። ከሐሚድ ጋር አብረን ነው ለአብራሪነት የተመዘገብነው። ሁለታችንም የበርታ ብሔረሰብ ልጆች ነን፤ እሱ የባምባሲ፣ እኔ የአሶሳ። እኔ በዓይን ምርመራ ወደቅኩ፣ እሱ አለፈ። ከዓመታት በኋላ እሱ መቶ አለቃ አብራሪ፣ እኔ የበረራ አልባሳት ቴክኒሻን ሆነን አንድ የአየር ኃይል ምድብ ውስጥ ተገናኘን። ከእያንዳንዱ በረራ በፊት ፊቱ ተንበርክኬ የሱሪውን ማሰሪያ የማጠብቀው እኔ ነበርኩ።

«ጠበቅ አድርገው ኢድሪስ! ያንተንም ድርሻ ነው የምበርልህ» ይለኝ ነበር። ሰዉ ይስቃል፣ እኔም አብሬ እስቃለሁ። ሱሪውን መልሼ ስሰቅል ግን ጥርሴን ነክሼ ነበር።

ለዒድ አገር ቤት ስንገባ ዘመድ ሁሉ ማንጎ ዛፍ ሥር እሱን ይከባል። እግረ መንገዳቸውን «አንተስ ምን ትሠራለህ?» ይሉኛል። «እኔን ያለብሰኛል!» ይላል ሐሚድ ቀድሞኝ። እናቴ እንኳ ትስቅ ነበር።

አንድ ዓመት ረመዳን ሊያልቅ ሲል የቡድን መሪ የሚመረጥበት በረራ ተያዘ። ሁሉም የሚጠብቀው ሐሚድን ነበር። ያን ጠዋት ስለባብስ ሱሪዬ አልቆም ብሎኝ ቀበቶዬ ላይ በምስማር አዲስ ቀዳዳ በሳሁ። የሐሚድን የበረራ ሱሪ በልኩ ያስተካከልኩት ከጾሙ በፊት እንደነበር ትዝ አለኝ። ሲለብስ ጣቴን በሱሪውና በባቱ መካከል ሰደድኩ። ሁለት ጣት ገባ። አንድም መግባት የለበትም።

«ወላሂ፣ ዛሬ አትበርም» አልኩት።

«ምን ሆንክ?»

«ከስተሃል፤ ሱሪው ሰፍቶሃል። ውኃም አልጠጣህም።»

«አጥብቀዋ!»

«ማሰሪያው ጫፍና ጫፉ ገጥሟል። ሌላ ቁጥር ያስፈልግሃል፣ እሱም በአየር ሳይሞከር አይለበስም። ጾሙም ቢሆን መንገደኛ ነህ፣ መፍታት ትችላለህ።»

«ከምሳ በፊት ተመልሼ ለማርፈው ምኑን መንገደኛ ሆንኩ?» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ኢድሪስ፣ ይህን ቀን ስትጠብቅ ነበር አይደል?»

እውነቱን ነበር። ስጠብቅ ነበር።

ሻለቃ ታፈሰ ጭቅጭቁን ሰምተው ገቡ። «እውነት ሱሪው ነው ወይስ የአገር ልጆች መናከስ?» አሉኝ።

«ጌታዬ፣ እኔን አይመኑኝ። ጣትዎን ያስገቡ።»

ጎንበስ ብለው አስገቡ። ቀና ሲሉ ወደ ሐሚድ አልተመለከቱም፤ ወደ በሩ ዞረው ሌላ አብራሪ ጠሩ።

እሱንም ያለበስኩት እኔ ነኝ። የቡድኑ መሪ የሆነውም እሱ ነው። ሐሚድ ቱቦው እንደተንጠለጠለ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ የሞተሩን ድምፅ ያዳምጥ ነበር። ደስ አለኝ። ማዘን የሚገባኝ ይመስለኛል፤ ግን ደስ አለኝ።

ለዒድ ባምባሲ ስንደርስ አጎቱ «እህ፣ መሪ ሆንክ?» አሉት። ሐሚድ እኔን እያየ «አልባሼ አልፈቀደም» አለ። የሳቀ ሰው አልነበረም።

ከበዓሉ መልስ በመጀመሪያው በረራ፣ ሳልጠይቀው እግሩን ዘረጋልኝ። «ጣትህን አስገባ» አለ። አንድም አልገባም። ተነስቶ ሄዶ በረረ፤ እኔ ሜዳው ላይ ቆሜ እንደ ድሮው ቀናሁበት።

አሁን ሥራውን ትቼ አሶሳ ውስጥ የዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመት ተማሪ ሆኛለሁ። በእኔ ቦታ ለምትተኩ ይህን እላለሁ፦ የምታለብሱትን ሰው መውደድ አይጠበቅባችሁም። በጾም ወር ግን ልኩን በየሳምንቱ እንደገና ውሰዱ።