ግራ እጄ ቲካ ሮድ ላይ የሠራችኝ ሥራ

ይህ ነገር ያጋጠመኝ ዓምና ጥር ውስጥ፣ ናይሮቢ ቲካ ሮድ ላይ ነው። ከአእምሮዬ አልወጣ ያለው ከሞት ስለተረፍኩ ብቻ አይደለም። ጥፋቱ የኔ ሆኖ ሳለ ወቀሳውን ስምንት ወር ሙሉ ሌላ ሰው ተሸከመልኝ፤ እኔም ዝም ብዬ አሸከምኩት።

መጀመሪያ ማን እንደሆንኩ ልንገራችሁ። አሁን ናይሮቢ፣ ኢስትሊ ሰፈር ውስጥ በርበሬና ሽሮ እሸጣለሁ። ከዚያ በፊት ግን አሥራ ዘጠኝ ዓመት ከአዲስ አበባ ሞያሌ የጭነት መኪና ነድቻለሁ፣ ያውም ከነተሳቢው። በዚያ ሁሉ ዓመት ስፖኪዮ እንኳ አልሰበርኩም። ይህንን ሰርግም ይሁን ለቅሶ፣ ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ ሳላወራ አልነሳም። ባለቤቴ "ጀመረው ደግሞ" ብላ ወደ ጓዳ ትገባለች።

ታላቅ እህቴ እትዬ ብርቄ እዚያው ኢስትሊ ትንሽ ምግብ ቤት አላት። ባሏ ከሞተ በኋላ ብቻዋን ያሳደገችው አንድ ልጅ አላት፤ ናቲ ይባላል። ናይሮቢ ተወልዶ ናይሮቢ ያደገ፣ ዌስትላንድስ ቢሮ ውስጥ የሚሠራ የሃያ ስድስት ዓመት ጎረምሳ ነው። ይህ ልጅ ለዓመታት አጠራቅሞ ከጃፓን የመጣች ያገለገለች የስፖርት መኪና ገዛ። ቀይ፣ ባለሁለት በር፣ ዝቅ ከማለቷ የተነሳ ስትገባባት አስፋልቱ ላይ የተቀመጥክ ነው የሚመስልህ።

እትዬ ብርቄ መኪናዋን ገና ስታያት ጠላቻት። "ይቺ መኪና አይደለችም፣ ጥይት ናት" አለች። ልጇን ግን ሽጣት ለማለት አልጨከነችም።

ያን እሑድ ቲካ ከተማ ያሉ ወዳጆቻችን ልጅ ክርስትና ያስነሱ ነበር። እትዬ ብርቄ ወጥ ለመሥራት ከሴቶቹ ጋር በዋዜማው ሄዳለች። ከመሄዷ በፊት ሱቄ ድረስ መጣች።

"ጌታነህ፣ ይኼ ልጅ በዚያች ጥይቱ ሊመጣ ነው። ከተማ ውስጥ ይንዳ፣ ግድ የለም። ቲካ ሮድ ላይ ግን መሪውን አንተ ካልያዝክ ከግቢ እንዳትወጡ። ያለኝ እሱ ብቻ ነው። አደራህን!"

"ኧረ አትስጊ እትዬ፣ ከኔ ጋር አይደል እንዴ!" አልኳት፣ ደረቴን ነፍቼ።

ናቲ አልተከራከረም። ጠዋት ቁልፉን ሰጠኝና "አንክል፣ ማኑዋል ናት ግን። እዚህ አገር ማኑዋል ነድተህ ታውቃለህ?" አለኝ። ሳቅኩበት። "አንተ ልጅ፣ አንተ ሳትወለድ እኔ ማርሽ ስቀይር ነበር!" አልኩት።

ሐቁን ልናገርና ኬንያ ከገባሁ ጀምሮ የምነዳው አውቶማቲክ ብቻ ነው። አገር ቤት መሪው በግራ ስለሆነ ማርሽ የሚቀየረው በቀኝ እጅ ነው። እዚህ መሪው በቀኝ ነው፣ ማርሽ የሚቀየረው በግራ እጅ ነው። የኔ ግራ እጅ ደግሞ በዕድሜዋ ማርሽ ቀይራ አታውቅም። ይህንን ማሰብ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። ማን ያስብ! ኩራቱ መች ያሳስባል!

ከኢስትሊ እስከ ፓንጋኒ ቀስ እያልኩ፣ ማርሹን በዓይኔ እያየሁ ቀየርኩ። ደህና ሄድን። ቲካ ሮድ ላይ ስንወጣ አምስተኛ አስገባሁና መቶ አሥር ላይ ያዝኳት። መንገዱ ሰፊ ነው፣ ጠዋት ስለነበር መኪናም አልበዛም። ያስቸገረኝ የሞተሩ ድምፅ ነው። ዳሽቦርዱን ባይ የዙር ቆጣሪው ቀስት ሦስት ሺህ አምስት መቶ ላይ ቆሟል።

"ናቲ፣ ይኼ ሞተር እየጮኸ ነው እኮ!"

"ኖርማል ነው አንክል፣ ሪላክስ።"

"ምን ኖርማል! የኔ መኪና እዚህ ዙር ላይ ብትደርስ ሞተሩ ኮፈኑን በርግዶ ይወጣ ነበር!"

ልጁ ከት ብሎ ሳቀ። ከዚያ ረጋ ብሎ አስረዳኝ። የጭነት መኪና ሞተር ትልቅ ናፍጣ ነው፣ በዝግታ እየዞረ በጉልበቱ ይጎትታል። የዚቺ ግን ትንሽ ሞተር ናት፣ ጉልበቷን የምታገኘው ስትሽከረከር ነው፤ እስከ ሰባት ሺህ ዙር ብትሄድ አትታመምም። ማርሾቿም ሆን ተብለው ተቀራርበው የተሠሩ ናቸው። "አምስተኛ ላይ ስትሆን ነዳጅ ነካ ካደረግካት ወዲያው ትፈተለካለች፣ ማታቱ ሚኒባስ ማለፍ ብትፈልግ ሬዲ ናት። ስድስተኛ ብታስገባ ዙሩ ይወርዳል፣ ጸጥ ትላለች፣ ነዳጅም ትቆጥባለች። ግን ደግሞ ትተኛብሃለች። ወደ ፊት መንገዱ ባዶ ሲሆን እናስገባታለን" አለኝ።

ነገሩ ገብቶኛል። ጆሮዬ ግን እሺ አላለኝም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሞተር ሲጮህ ማርሽ ጨምር የተባለ ጆሮ ነው። ልጁ የገዛ መኪናውን እየገደላት እንደሆነ ነበር የሚሰማኝ። አንጀቴ አረረ።

በዚህ መሃል እትዬ ብርቄ ደወለች፤ ከቤት ከወጣን ሦስተኛዋ ነው። ናቲ ስልኩን አንስቶ "አዎ እማዬ፣ እሱ ነው የሚነዳው፣ አዎ፣ ቀስ ብሎ" ይላታል። እንደዘጋ አላስቻለኝም።

"ስድስተኛ አላት አይደል? አስገባለሁ፣ በቃ!"

"አንክል ቆይ፣ ዝም ብለህ ቀጥ አድርገህ ወደ ታች..."

አላስጨረስኩትም። ፍሪሲዮን ረገጥኩ። አገር ቤት ስድስተኛ የሚገኘው ዘንጉን ከራስህ አርቀህ ወደ ታች ስትስበው ነው። እጄ የምታውቀው ይህንኑ ነው። እዚህ ግን አንተ የተቀመጥከው በወዲያኛው በኩል ስለሆነ፣ ከራስህ አርቀህ ስትስብ የምታገኘው ስድስተኛን አይደለም፣ ሁለተኛን ነው። ግራ እጄ ገፋ፣ ሳብ አደረገች። ቀጭ ብሎ ገባ። ፍሪሲዮኑን ለቀቅኩት።

በመቶ አሥር ኪሎ ሜትር፣ ሁለተኛ ማርሽ!

ወይ ጉድ! ሞተሩ የጮኸውን ጩኸት ከሞተር ሰምቼ አላውቅም። ቀስቱ ቀዩን አልፎ መጨረሻው ላይ ተላተመ። የኋላ ጎማዎቹ ቀጥ አሉ፣ የመኪናዋ ጭራ ወደ ፊት ሊቀድመን ተወረወረ። በስመ አብ ብዬ ወልድ ሳልል የመንገዱ አጥር፣ ሰማዩ፣ የወዲያኛው መንገድ መኪኖች ሁሉ በፊቴ ዞሩ። ናቲ "ክላች! ክላች!" እያለ ሲጮህ ይሰማኛል። እግሬ ፍሪሲዮኑን በደመ ነፍስ ረገጠች። አንድ ጊዜ ሙሉ ዞረን፣ እንደገና ግማሽ ዞርን፣ ከዚያ ቆምን።

ስንቆም ፊታችን ወደ ናይሮቢ ነው። ከፊት ለፊታችን አንድ ማታቱ ጡሩንባውን እያንባረቀ ይመጣል።

ክው አልኩ። በር ልክፈት፣ ልጁን ልግፋ፣ ምንም ነገር ላድርግ ብዬ አላሰብኩም። እጄ መሪው ላይ ደርቆ ቀረ። ያሰብኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ እትዬ ብርቄን ምን እላታለሁ? ናቲን ዞር ብዬ አየሁት። ልጁ ማታቱውን አያይም፣ እኔን ነው የሚያየኝ።

ማታቱው ጎማው እየጨሰ፣ አምስት እርምጃ በማትሞላ ርቀት ላይ አግድም ቆመ። ነጂው አራቱንም ፍሬቻ አብርቶ ሁለት መስመር ዘጋ። ከኋላው የሚመጣው ሁሉ በሱ ምክንያት ዳር ዳሩን አለፈ። ወርዶ መጣና በመስኮቱ አጎንብሶ "ምዜ፣ ኡኮ ሳዋ?" አለኝ፤ ሽማግሌው፣ ደህና ነህ ወይ ማለቱ ነው። ተሳፋሪዎቹ እንሂድ እያሉ ይጮሁበታል፣ እሱ ከቁብም አልቆጠራቸው። ከረዳቱ ጋር ሆነው መኪናዋን ገፍተው ዳር አወጡልን፣ ናቲን ትከሻውን መታ መታ አድርጎ ሄደ። እኔ ማታቱ ነጂን ሁሉ እብድ እያልኩ ስሰድብ የኖርኩ ሰው ስሙን እንኳ አልጠየቅኩትም።

መንገዱ ዳር ተቀመጥኩ። የበላሁትን ቁርስ በሙሉ አወጣሁት። ናቲ ሞተሩን ለማስነሳት አንዴ ሞከረ፣ ከውስጥ ብረት ሲፋጭ ተሰማ፣ ተወው። ያን ሁሉ ዓመት ያጠራቀመላት መኪና ሞታለች። መጥቶ አጠገቤ ቁጢጥ አለና "አንክል፣ አንተ ደህና ነህ?" አለኝ። ስለ መኪናዋ አንዲት ቃል አልተነፈሰም።

ስልኩ ጮኸ። እናቱ ናት።

"እማዬ፣ ደህና ነን፣ ሁለታችንም ደህና ነን። ትንሽ አክሲደንት ነገር..." አለና ወደኔ አየ። ከዚያ ጀርባውን ሰጠኝ። "አይ፣ እሱ አይደለም። እኔ ነኝ ስነዳ የነበርኩት። ካልነዳሁ ብዬ ለምኜው ነው።"

ደንግጬ ብድግ አልኩ። እውነቴን ነው፣ መኪናዋ ስትሽከረከር እንደዚያ አልደነገጥኩም። የእትዬ ጩኸት ከስልኩ ውስጥ እኔ ጋ ድረስ ይሰማል። ሲዘጋ "አንተ፣ ምን ማለትህ ነው?" አልኩት።

"እኔን ትቆጣኛለች፣ ከዚያ ያልፍላታል። ነገር ሲበላሽባት የምትጠራው ግን አንተን ብቻ ነው አንክል። ይህን እምነቷን ላጠፋባት አልፈልግም" አለኝ።

ያኔ ስልኩን ተቀብዬ፣ መልሼ ደውዬ እኔ ነኝ ማለት ነበረብኝ። አላልኩም።

በታክሲ ቲካ ደረስን። እትዬ ብርቄ ልጇን አገላብጣ ሳመችው፣ አለቀሰች፣ ከዚያ በእንግዳ ሁሉ ፊት "ሰው የማትሰማ! እናትህን ልትቀብር ነው የምትሮጠው?" ብላ አዋረደችው። ወደኔ ዞራ ደግሞ ትከሻዬን ሳመች። "አንተ አጠገቡ ባትኖር ዛሬ ልጄን ቀብሬ ነበር" አለች። ናቲ አንገቱን ደፍቶ ይሰማል። እኔ የቀረበልኝን በላሁ።

ወሬው ኢስትሊ ሲደርስ አደገ። ጌታነህ መሪውን ከልጁ ነጥቆ አዳነው ተባለ። ደንበኞቼ ሱቄ እየመጡ "እጅህ ይባረክ" ይሉኛል። መጀመሪያ ሰሞን ወሬ እለውጥ ነበር። ኋላ ኋላማ ጭንቅላቴን ነቅነቅ ማድረግ ጀመርኩ። ያችን ግራ እጅ ነው እንግዲህ የሚባርኩልኝ!

እናትየው ናቲን መሪ እንዳይነካ በእመቤታችን አስማለችው። መኪናዋን ለመለዋወጫ ሸጣት። ቤቷ በሄድኩ ቁጥር ነገር ፈልጋ ታነሳበታለች። ሻይ ቢያፈስ "መኪናም እንዲህ ነው የሚይዘው" ትላለች። እሱ ፈገግ ብሎ ያፈሰሰውን ይጠርጋል። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ እሰማለሁ።

በስምንተኛው ወር ናቲ ከመሥሪያ ቤቱ ናኩሩ ላይ የተሻለ ሥራ ተሰጠው። ሥራው ግን መኪና መንዳት ይጠይቃል። እትዬ ብርቄ አይሆንም አለች። እኔን አስጠራችኝ። ሦስታችንም ሳሎኗ ውስጥ ተቀምጠናል።

"አንተን ይሰማል፣ ጌታነህ። በዓይንህ አይተሃል። መሪ ለሱ እንደማይሆን ንገረው" አለችኝ።

ናቲን አየሁት። ልጁ ዓይኑን ሰበር አደረገልኝ፣ ንገረኝ፣ ግድ የለም እንደማለት። እዚህ ላይ አንድ ነገር ውስጤ ተበጠሰ።

"እኔ ነኝ የነዳሁት" አልኩ።

"ምን?"

"እኔ ነኝ እትዬ። ማርሽ የሳትኩት እኔ ነኝ። ክላች ርገጥ ብሎ ያዳነን እሱ ነው። ለምኖኝም አያውቅም።"

ጩኸት ጠበቅኩ። ስድብ ጠበቅኩ። ምንም የለም። ተነሥታ ወደ ልጇ ሄደች፣ ፊቱን በሁለት እጇ ይዛ ግንባሩን ሳመችው። "ይቅር በለኝ" አለችው። ናቲ "እማዬ፣ ኢት ኢዝ ኦኬይ" ይላል።

ከዚያ ወደኔ ዞረች። አልተቆጣችም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

"ጌታነህ፣ ማርሹን መሳትህን ይቅር ብዬሃለሁ። ሰው ይሳሳታል። ስምንት ወር ልጄን ስሰድበው አጠገቤ ቁጭ ብለህ መስማትህን ግን፣ ለሱ ጊዜ ስጠኝ።"

ናቲ አሁን ናኩሩ ነው። በመሥሪያ ቤቱ መኪና እየነዳ ይመላለሳል፤ እሑድ እሑድ ይደውልልኛል፣ "አንክል፣ ዛሬ ስድስተኛ አስገባህ?" እያለ ይቀልድብኛል። ሱቅ ለሚመጣው ሁሉ እውነቱን ነግሬያለሁ። አንዳንዱ ይስቃል፣ አንዳንዱ አያምነኝም።

ቀለለኝ ልላችሁ ነበር። አልቀለለኝም። እትዬ ብርቄ ስታገኘኝ ትስመኛለች፣ ምግብ ታቀርብልኛለች፣ ጤናዬን ትጠይቀኛለች። ባለፈው ሳምንት ምግብ ቤቷ ውስጥ ቧንቧ ፈንድቶ ውኃ አጥለቀለቃት። ሱቄ ከሷ በር ሁለት መቶ እርምጃ አይሞላም። የጠራችው ሌላ ሰው ነው።